ውሃው የሸሸበት መሬት

ንጋት፣ ባሕር ዳር

ፔዳ ሰፈር ካለው የኪራይ ቤቴ ስወጣ ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ሚኒባሱ የዓባይን ድልድይ ሲሻገር ውሃው ላይ ጉም ተኝቷል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ አገር ማለት ወሰን፣ ሕዝብ፣ መንግሥትና ሉዓላዊነት መሆኑን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ነው የሰነበትሁት። ዛሬ የምሄደው ግን ቆላ ድባ አጠገብ፣ ከጣና ዳር፣ አጎቴ አያ ሙላት ዘንድ ነው። "ከጎረቤቴ ጋር በመሬት ተጣልተናል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ነይ" ብለውኛል።

ረፋድ፣ ወረታ

ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሩዝ ክምር ነው። ለቁርስ የቀረበልን እንጀራም ሩዝ የተቀላቀለበት፣ ነጣ ያለ ነው።

"እኔ ልጅ ሳለሁ ይህ ሁሉ የከብት መስክ ነበር" አለ ሾፌሩ። "አሁን ከብት የሚውልበት የለም።"

"የለም፤ ግን ልጆቻችን ጠግበው ያድራሉ" አለችው አጠገቡ የተቀመጠች ሴት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ የሐይቁ ዳር

ክረምቱ ሲወጣ ጣና ወደ ኋላ ይሸሻል። የሚለቀው ጥቁር አፈር እርጥበቱ ሳያልፍ ሽምብራ ይዘራበታል። ዘንድሮ የወሰኑን ድንጋይ ደለል ውጦታል፤ ጠቡ የመጣው ከዚህ ነው።

"ይህ ከውሃ የወጣው መሬት አባቴ ያረሱት ነው" አሉ አጎቴ ለሽማግሌዎቹ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ አበራሽ ባላቸው የሞቱባቸው ናቸው። "ከታች ያለው የኔ መሬት ገና ውሃ ውስጥ ነው፤ እምቦጭ ሸፍኖታል። ውሃው ለእርስዎ ሸሸ፣ እኔ ላይ ቆመ። ልጆቼን ምን ላብላ?" አሉ።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። "ስለ ወሰን ታስተምሪያለሽ አሉ። ምን ትያለሽ?"

አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። የጠሩኝ ለዚህ ኖሯል።

"ሁለቱም ወገን ያልተቀበለው ወሰን አይጸናም" አልሁ። "ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የሥጋ ዘመድ ነኝ።"

አጎቴ ፊታቸውን አዞሩ። መሪጌታም፣ "እንግዲያው ወሰኑ የውሃውን ዳር ተከትሎ አይሂድ፤ ከዳገቱ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ይውረድ። የወጣውን ለሁለት ይክፈል፤ ውሃው ሲሸሽም ሁለታችሁ እኩል ትከተሉታላችሁ" አሉ።

አጎቴ መሬቱን በዓይናቸው ለክተው "ይሁን" አሉ። ራት ስንበላ ግን አላናገሩኝም።

በማግሥቱ፣ ጧት

ልሰናበታቸው ብል ቤት የሉም። ወደ ማሳው ወርጄ ባይ በወይዘሮ አበራሽ ድርሻ ላይ በሬዎቻቸውን ጠምደው ያርሳሉ።

"የእሷ ይቅደም፤ የሚያርስላት ሰው የላትም" አሉኝ ዕርፉን ይዘው። ቀጥለውም፣ "ትናንት ትመሰክሪልኛለሽ ብዬ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ አያ።"

"ከፍቶኝ ነው ያደርሁት።" ከማረሻው ላይ አፈሩን አራገፉ። "ብትመሰክሪልኝ መሬቱን አገኝ ነበር። እዚህ እሷ ማሳ ላይ ግን እግሬን አላሳርፍም ነበር።"

በሬዎቹን መለሱ። እኔም መኪና ወደሚያዝበት ወደ ዳገቱ ወጣሁ።