አብረን ልንበላው የነበረው ዓሣ

አሰበ ተፈሪ ሳለን ከጎረቤቴ ጋር ያልተካፈልነው ነገር ቢኖር ሥጋ ብቻ ነው። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። ልጆቼን አዝላ አሳድጋልኛለች፤ ስትታመም ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ኢድና ፋሲካ ሲመጣ ግን በየጓዳችን ነው። አንድ ቀን ሳቀችና፣ «አቦ፣ እኔና አንቺን አንድ ገበታ ላይ የሚያስቀምጠን ዓሣ ብቻ ነው! ማን አረደው አይባልም» አለችኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አንድ የግብርና ባለሙያ ባለቤቴን አግባብቶ ጓሯችን ኩሬ አስቆፈረና የዓሣ ጫጩት አምጥቶ ጨመረበት። ዓሣ ማርባት በኛ አገር ማን ያውቃል! ሰፈሩ በሙሉ ሊያይ መጣ። እኔና እሷ ግን ተጠቃቀስን።

ፉርሽካ ብንበትን፣ ብንበትን፣ ዓሦቹ ከጣት አላልፍ አሉ። በዚህ መሀል የጎረቤቴ ባል የቡና ሥራ አገኘና መቻራ ሊገቡ ሆነ። ስትነግረኝ እህል አስጠላኝ። ባለቤቴን «ሳትሄድ ይድረስልኝ!» እያልኩ ነዘነዝኩት። እሱም ባለሙያውን ቢጠይቀው፣ «ፉርሽካ ብቻውን አያሳድግም፣ ገንቢ ነገር ጨምርበት» አለው። ምን እንደጨመረበት ለእኔም አልነገረኝም። ጉድ እኮ ነው፣ ትንሽ ቆይተው መዳፍ አከሉ!

ሊሄዱ ሲሉ ጠብሼ፣ ሎሚ ጨምቄበት አቀረብኩ። «ቢስሚላሂ» ብላ እጇን ሰደደች። ይሄኔ ባለቤቴ ደስታው አላስችል አለው። «ምን አብልቼ እንዳሳደግኳቸው ታውቂያለሽ? የቄራ ደም! አፍልቼ፣ አድርቄ፣ ወቅጬ!»

ምነው አፉን በያዘው! ደም ለእሷ ሐራም ነው። እጇን ቀስ ብላ መለሰች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ብሉ» አለች፣ ምንም ሳትቀምስ። እኔም ሳህኑን አነሳሁ።

በማግስቱ ሄዱ። ባለቤቴ ከኀፍረቱ ብዛት ዓሦቹን ለሰፈር አድሎ ኩሬውን አፈሰሰው። እኔም ዓይኔ እንዳያየው ፈልጌ ነበርና አልከለከልኩትም።

ወር ሳይሞላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መልእክቷን ይዞ ከመቻራ መጣ። «ሼኹን ጠይቄልሻለሁ። ዓሦቹ ጥቂት ቀን ንጹሕ መኖ ከበሉ፣ እነሱን መብላት ይፈቀዳል ብለውኛል። ደሙን ተዉትና ፉርሽካ ብቻ ስጧቸው። ለኢድ እመጣለሁ፣ አብረን እንበላለን» ብላለች።

ጥቂት ቀን! ይህን ጠይቆ መረዳት ከብዶን ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእኛ መልቀሙም አልሆነልን። ወደ ጓሮ ዘወር ብዬ ባይ፣ የኩሬው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ «ምን ልበላት?» ይለኛል።

«ፉርሽካ እየበሉ ነው በላት» አልኩት።