ሦስት ደቂቃ ለመሳፈሪያ

ውባንተ በላሊበላ መናኸሪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተራ አስከብሯል። በቀላሉ የሚደነቅ ሰው አልነበረም፤ አንድ የትራንስፖርት ባለሙያ መጥቶ ለሚሊዮኖች ከተማ የተሠራ የሚመስል ካርታ እስኪዘረጋለት ድረስ። ቀዩ መስመር በቅሎ፣ ሰማያዊው ባጃጅ፣ አረንጓዴው ሚኒባስ ነው። ከገነተ ማርያም በበቅሎ የተነሣ ሰው ከከተማው ጫፍ ባጃጅ ይይዛል፤ ከባጃጁ ወርዶ በሚኒባስ ወደ ኮን ይሄዳል። ከአንዱ ወደ አንዱ መሸጋገሪያው ሦስት ደቂቃ ብቻ! ለበቅሎዋም የሰዓት ሰሌዳ ወጣላት። ውባንተ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ከሥሩም በገዛ እጁ «ማንም ማንንም አይጠብቅም» የሚል ደንብ ጨመረበት። ምነው ያኔ እጁን የሚይዘው ሰው በኖረ!

ልጁ ትሕትና ኮን በአክስቷ ቤት የምትዳረው በዚያው ሳምንት ነበር። «ጉልበትዎን ሳልስም ከቤት አልወጣም» ብላዋለች።

እሑድ ጠዋት አዲሱን ኩታ ደርቦ ከገነተ ማርያም ቤቱ ተነሣ። በቅሎዋ በደቂቃዋ፣ ባጃጁም በደቂቃው ደረሱ። በሚኒባሱ በር ላይ ግን ቄስ አረጋና ስምንት የሠርግ እንግዶች ቆመዋል።

«ይቅደሙ አባ» አለ ውባንተ።

«የሙሽራ አባት ቆሞ? አይሆንም፣ አንተ ቅደም።»

«በማርያም! ካህን ቀድሜ ልግባ?»

ከቄሱም ከሙሽራዋ አባትም ቀድሞ የሚገባ ደፋር ጠፋ። ሦስት ደቂቃው አለቀ። ሾፌሩ ባምላክ ከሦስት ቀን በፊት አንዲት አሮጊት ጠብቆ ውባንተ በዚያው ደንብ የቀጣው ሰው ነው፤ በሩን ዘጋና ባዶውን ነዳ።

ቀጣዩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። እነሱም መኪና በሌለበት እዚያው ቆመው «ይቅደሙ»፣ «ኧረ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ቆዩ።

በመጨረሻ የውባንተ ስልክ ጮኸ። ከወዲያ ማዶ እልልታና ከበሮ ይሰማል፤ ሚኒባሱ በሰዓቱ ኮን ደርሶ ሠርገኛው ሊቀበል ወጥቷል። በሩ ተከፍቶ ባዶ መሆኑ ሲታይ ከበሮው ቀጥ አለ።

«አባዬ፣ መኪናው መጣ፤ እርስዎ የታሉ?» ትሕትና ታለቅሳለች። «ሙሽራው ደርሷል። ጉልበትዎን ሳልስም ንቅንቅ አልልም!»

ውባንተ ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛው ሚኒባስ በሩን እንደከፈተ ዓይኑን ጨፍኖ «አባ ይፍቱኝ!» አለና ቄሱን በክርኑ ገፍቶ ገባ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ነውር ሠርቶ አያውቅም። የቀሩት ግር ብለው ተከተሉት፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም።

ቄስ አረጋ አጠገቡ ተቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ።

«እግዜር ይፍታህ» አሉት። «ሁለት ሰዓት ሙሉ የምለምንህ ይህንኑ አልነበረም?»