ለአዲሱ የተለቀሰበት ዜማ

ይህን እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሚስቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ መጠጤን፣ ሰው ማማቴን ሁሉ ስዘረዝር ይችን ብቻ እዘላታለሁ። እሳቸውም "ሌላስ የለህም?" ይላሉ፤ እኔም "የለኝም አባ" እላለሁ። አሁን ግን መረረኝ። ሰው አይደለም ያስመረረኝ፣ እኔው ራሴ ነኝ። በየሬዲዮ ጣቢያው ቀርቤ ያንኑ ውሸት ድምፄን አለስልሼ ስደግም መስማት ሰለቸኝ።

የፈንክ፣ ቤዝ ጊታር የሚመራው የጭፈራ ሙዚቃ፣ አቀናባሪና ፕሮዲዩሰር ነኝ። ደብረ ታቦር ተወልጄ፣ እዚያው ኪነት ቡድን ውስጥ ኪቦርድ መነካካት ጀምሬ፣ በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ ስቱዲዮ ከፈትኩ። ብዙ ሠርቻለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በአንድ ዘፈን ነው። ጋዜጠኛ በመጣ ቁጥር "ያንን ዜማ ከየት አገኘኸው?" ይለኛል። ከየት አገኘሁት? አላገኘሁትም! ወሰድኩት እንጂ።

አዲሱ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ የይፋግ ልጅ። በኪነት ቡድኑ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ደብረ ታቦር አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ፈንክን ያስለመደኝም እሱ ነው፤ "ያን ኪቦርድህን ቀንሰው እስቲ፣ ሰው ቤዙን ይስማበት" እያለ ይነዘንዘኝ ነበር። እናቱ እትዬ እንጉዳይ ለገበያ በመጡ ቁጥር ለሁለታችንም ቆሎና ድርቆሽ ይዘውልን ይመጣሉ። ልጃቸውን "አዲሴ"፣ እኔን ደግሞ "ሁለተኛው" ይሉኝ ነበር።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ አዲሱ ታሞ ሞተ። ጉበቱ ነው አሉ። ይፋግ ለቀብሩ ደረስኩ። እትዬ እንጉዳይ ከለቀስተኛው መሀል ተነሱና፣ የማንንም ሙሾ ሳይከተሉ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ዜማ ልጃቸውን አለቀሱት። ግቢውን የሞላው ሰው ይንሰቀሰቃል። እኔስ? እኔ ስልኬን አውጥቼ መቅረጫውን ከፈትኩና መልሼ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ለማስታወሻ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። የምን ማስታወሻ! እግሬ መሬቱን እየመታ ነበር። ጓደኛዬ ገና ሳይቀበር እኔ ቤዙ የት ላይ እንደሚገባ አስብ ነበር።

ተመልሼ ዜማውን አፈጠንኩት። ቤዝ አስገባሁበት፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ጨመርኩበት፣ ስለ ወገብና ስለ ዓይን የሚያወራ ግጥም አስጻፍኩና ለአንዲት ጀማሪ ድምፃዊት ሰጠኋት። ልጅቷ የዋህ ናት፤ "ዜማው የማን ነው? ስሙ ይጻፍለት እንጂ" አለችኝ። "የሕዝብ ነው፣ የሕዝብ ተብሎ ይጻፍ" አልኳት። በእኛ ሙያ ባለቤቱ የማይታወቅ ዜማ እንደዚያ ነው የሚባለው። የዚህን ባለቤት ግን አውቃቸዋለሁ። ቆሎአቸውን በልቼ ያደርኩባቸው ቀናት አሉ!

ዘፈኑ አገር አዳረሰ። ያለሱ ሠርግ አይደምቅም ተባለ። ደብረ ታቦር ስሄድ ባጃጁም ሚኒባሱም የሚያሰማው እሱኑ ነው። ያን ሰሞን ቀረጻውን ከስልኬ አጠፋሁት። ጥፋት አልሠራሁም እያልኩ ለምን አጠፋሁት? መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እስከዚህ ያለው ሌብነት ነው። ሌብነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተናዝዤው ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ የአዲሱ አባት አረፉ። ቀርቼ ምን ልባል፣ ሄድኩ። አስከሬኑ ገና አልወጣም። እትዬ እንጉዳይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሱና ባላቸውን በዚያው በልጃቸው ዜማ ማልቀስ ጀመሩ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሠርግ ቤትም ሆነ ደብረ ታቦር ገበያ ረግጠው ስለማያውቁ ዘፈኑን አልሰሙትም። ሌላው ሰው ግን ሰምቶታል። አዲሱ በተቀበረ ጊዜ ሁሉም የራሱን ለቅሶ ያለቅስ ነበር፣ ዜማ ማን ያዘ? ወጣቶቹ ተያዩ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። የባላቸው እህት ደንግጠው ተጠጉና፣

"እንጉዳይ፣ ምን ነካሽ! ይኼ እኮ የሠርግ ዘፈን ነው!" አሏቸው።

"የምን ሠርግ? የኔ ነው እንጂ! አዲሴን ያለቀስሁበት ነው!"

ሰው ሐዘን አእምሯቸውን አናወጠው ብሎ ከንፈሩን ይመጥ ጀመር። እሳቸው ዙሪያውን ቃኝተው እኔን አገኙኝ።

"ይኸው ሁለተኛው አለ! ያን ቀን ነበር፣ ሙዚቃም ያውቃል። በል ልጄ፣ ንገራቸው!"

ምነው ያኔ ምላሴ በተሳሰረ! ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። ግን ተነሳሁ። ሙዚቃ አዋቂው እኔ፣ የቀረጽኩት እኔ፣ ያፈጠንኩት እኔ፣ ያጠፋሁት እኔ ብድግ አልኩና በትሕትና፣ "እትዬ፣ ይኼ የቆየ የሕዝብ ዜማ ነው። ያኔም ይኼንኑ ይሆናል ያሉት" አልኩ።

ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ እንዴት በወደድኩ! እሳቸው ግን አመኑኝ። "እንግዲያ እኔ ነኛ የሳትሁት" አሉና ቁጭ አሉ። ባላቸውን ሳያለቅሷቸው አስከሬኑ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በማንም ለቅሶ ላይ አፋቸውን ከፍተው አያውቁም።

በቅርቡ ዘፈኑ ላይ የዜማው ባለቤት ብዬ ስማቸውን አስጻፍኩ። ምን ተባልኩ መሰላችሁ? "የሕዝብን ዜማ ለሟች ጓደኛው እናት መታሰቢያ ሰጠ፤ እናቶችን የሚያከብር አርቲስት!" ተባልኩ፤ ተጨበጨበልኝ። በሽቄ ባለፈው ወር ይፋግ ወረድኩና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። መቅረጼን፣ ማጥፋቴን፣ በሰው ፊት መዋሸቴን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። "ዜማው ያንቱ ነው" አልኳቸው።

ራሴን እየደባበሱ፣ "ተነስ ልጄ። እኔን ደስ ለማሰኘት ብለህ በራስህ ላይ አትዋሽ። አርጅቻለሁ፣ እንዲያው ነገር ይምታታብኛል" አሉኝ።

ማልኩላቸው። "አትማል፣ ኃጢአት ነው" አሉኝ።

እና ከእናንተ ምን ልጠይቅ? የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሴት ደግሞ መበደላቸውን አያምኑም፤ እንዳያምኑ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።