የስምንት ቀኑ ሕፃን ደም

የክሊኒኩን የላቦራቶሪ ሠራተኛ አራጌን ቆቦ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም፤ ወባ ከዓይኑ አታመልጥም ይባልለት ነበር። እኔ በዚያው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስሠራ፣ እሱ ማይክሮስኮፑን መስኮቱ ሥር አስቀምጦ በመስተዋቷ የፀሐይ ብርሃን እየሳበ የሰው ደም ሲያይ ይውላል። ሰማዩ ከደመነ ይሳደባል። ጥሩ ሰው ነበር፤ ጥፋቱ «አላውቅም» ማለት አለመውደዱ ነው።

በ1973 ዓ.ም. እማማ በላይነሽ የሚባሉ የሮቢት ሴት የስምንት ቀን የልጅ ልጃቸውን በነጠላ አቅፈው መጡ። እናቱ ለምለም አራስ ናትና ከቤት አትወጣም። ሕፃኑ ጡት እምቢ ብሏል፤ ገላው ግን አይተኩስም፣ እንዲያውም ቀዝቅዟል። በሽተኞችን የሚያክመው ድሬሰሩ በርሄ ወልድያ ሆስፒታል ሊልከው አሰበና፣ «እስቲ መጀመሪያ ነጭ የደም ሴሉን ቁጠርልኝ» አለው አራጌን።

አራጌ ከሕፃኑ ተረከዝ ደም ወስዶ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ሦስት ሺህ እንኳ አልሞላም፤ ከልኩ እጅግ ያነሰ ነው። እሱ የተማረው ደግሞ ኢንፌክሽን ካለ ነጩ ይበዛል የሚል ብቻ ነው።

«አብሽሩ እማማ፣ ደሙ ንጹሕ ነው» አላቸው እየሳቀ።

«የተማረ ይግደለኝ!» ብለው እልል አሉ። ወልድያ መሄዱ ቀረ።

ሕፃኑ በማግሥቱ ሞተ። ክርስትና ስላልተነሣ ስም እንኳ አልነበረውም፤ መዝገባችን ላይ ያለው «የለምለም ልጅ» ብቻ ነው። የእግዜር ሥራ ነው ብለን ተውነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አራጌ ደሴ ለኮርስ ሄደ። እዚያ አስተማሪው፣ አራስ ሕፃን ኢንፌክሽን ሲበረታበት ነጩ ሴል ሊያልቅ እንደሚችል፣ ማነሱም ከመብዛቱ ይልቅ እንደሚያስፈራ ነገራቸው። ሲመለስ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ያንን መዝገብ አስወጣኝ።

«ገደልኩት እኮ» አለኝ።

እውነቱን ልንገራቸው ብሎ ሮቢት ሄደ። እማማ በላይነሽ ግን ገና ከደጅ ሲያዩት ጉንጩን እያገላበጡ ሳሙት። «ያን ሰሞን ለምለም ልታብድ ነበር፣ ምን አጉድዬበት ነው እያለች። ኋላ ያንተን ቃል ነገርኳት፤ ደሙ ንጹሕ ነበር፣ ጌታ ወዶት ነው የወሰደው አልኳት። በሱ ነው የተጽናናችው። ዕድሜ ይስጥህ ልጄ!»

አሜን ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ አራስ ሕፃን በመጣ ቁጥር፣ ቆጠራው ምንም ቢሆን፣ «ወልድያ ይሂድ» ነበር መልሱ። እማማ በላይነሽም በየዓመቱ ማሽላው ሲያሽት እሸት ይልኩለታል። ለኛ ያከፋፍለዋል እንጂ እሱ ሲቀምሰው አንድም ቀን አላየሁም።