ሲሃም ያስቆመችው መልእክት

በላይነሽ የመተማ ሰው ናት፤ አሁን ሱዳን ውስጥ ባለው የቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ገበያ ዳር ሻይ ትሸጣለች። ከባሏ ከስንሻው ጋር ጦርነት ሸሽተው ድንበር ሲሻገሩ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስልኳ በመንገድ ጠፋ፤ ሌላ የገዛችው መጠለያ ከገባች በኋላ ነው። መንደር 8 በሚባለው የስደተኞች መቀበያ ወንድ ልጅ ያለ ቀኑ ወለደች፤ በማግስቱ አረፈባት። እዚያው ቀበሩት።

የጎረቤት ልቅሶ ካበቃ በኋላም አንድ የማይተዋት ነገር ነበር። አገሯ ሳለች የሕፃናት ልብስ በሚሸጥ የኢንተርኔት ሱቅ ተመዝግባ፣ የምትወልድበትን ወር ነግራው ነበር። ሱቁ ይህንን ይዞ በኢሜይሏ ይጽፍላታል፦ «ልጅሽ መዳህ ጀመረ? ጥሩ ጥሩ ሱሪ አለን።» እህቷ እየሩስ ከጎንደር የምትጽፍላት በዚሁ ኢሜይል ስለሆነ ልትተወው አልቻለችም። ማስቆምም ሞክራለች። ከመልእክቱ ግርጌ «አልፈልግም» የሚለውን ስትነካ «መጀመሪያ ወደ አካውንትሽ ግቢ» ይላታል። የይለፍ ቃሉን አታስታውሰውም፤ አዲስ ልታወጣ ስትል ደግሞ ማረጋገጫውን የሚልከው በጠፋው ስልኳ ቁጥር ነው።

ስንሻው ለሰሊጥ አጨዳ በሄደ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት «እንኳን ለልጅሽ አንደኛ ዓመት አደረሰሽ!» የሚል መጣ። ሻይ እየቀዳች ነበር። ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ፤ እሷ ግን አላየችም።

ሲሃም አየቻት። ሲሃም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እዚያው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት፤ ከጎኗ ስልክ ትጠግናለች።

«እትዬ፣ ኸይር ነው? ደህና ነሽ?»

በላይነሽ ስልኩን ሰጠቻት። ሲሃም አማርኛውን ቀስ እያለች አነበበችው።

«ልጅ አለሽ እንዴ?»

«ነበረኝ።»

ሲሃም ሥራዋን ትታ በርጩማዋን አስጠጋች። በላይነሽ አካውንቱ አልከፈት እንዳላት ነገረቻት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ መግባት አያስፈልግም» አለች ሲሃም። «ሱቁ ማስታወቂያ የሚልክበት አድራሻ ወዳንቺ እንዳይደርስ አሁኑኑ እዘጋዋለሁ። ግን በሌላ አድራሻ ሊልኩብሽ ስለሚችሉ እሱ ብቻ አይበቃም፤ ለደንበኞች በሰጡት አድራሻ እንጻፍላቸው። በተመዘገብሽበት ኢሜይል ከጻፍሽ አንቺ መሆንሽን ያውቃሉ። ምን ልበላቸው?»

«ልጄ ሞቷል፤ እባካችሁ ስሜን ሰርዙልኝ፣ በያቸው።»

ሲሃም ዓይኗን እየጠረገች ጻፈችው።

በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። የጻፈችው ሙሉወርቅ የምትባል የሱቁ ሠራተኛ ናት። «እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አካውንትሽን ሰርዘነዋል፤ ከእንግዲህ ከእኛ ምንም አይደርስሽም። ሳናውቅ ቁስልሽን ስለነካካን ይቅርታ።»

በላይነሽ ሲሃምን አቅፋ አለቀሰች። «በልጅ ይባርክሽ፣ የኔ እናት!»

«አሚን» አለች ሲሃም፤ እሷም እያለቀሰች።

ስንሻው ከአጨዳ ሲመለስ በላይነሽ የሆነውን ሁሉ አጫወተችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማትና፣ «ያን ሰሞን ባልሄድ ኖሮ መልእክቱን አታይውም ነበር» አላት።

«እንዴት?»

«ጠዋት ጠዋት ሳትነሺ ስልክሽን አየው ነበር። ከሱቁ የመጣውን አጠፋልሽ ነበር። አንዳንዱ ግን ያመልጠኝ ነበር።»

ያን ሁሉ ጊዜ እሷ የደረሳት ከብዙው ጥቂቱ ኖሯል። እጁን ሳብ አድርጋ ሳመችው፤ እስኪመሽም ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ቆዩ፤ ከቀበሩት ወዲህ አብረው ስሙን ሲያነሱ የመጀመሪያቸው ነበር።