አፍ ውስጥ ያደረ ዜማ

ሰኔ 1972 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ቆሜ የአዲስ አበባውን አውሮፕላን ስጠብቅ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ያዙኝ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ላሞች ከሜዳው ሲባረሩ አይቻለሁ። ተነሥቶ ሲሄድ ድምፁን የሰማሁት ከእስር ቤት ውስጥ ሆኜ ነው።

ምክንያቱን የነገረኝ የለም። የማውቀውን እጽፋለሁ። ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ ወደ አውራጃው የተላክሁት ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንድዘግብ ነው። ኦሞራቴ ስደርስ ግን ሰዎቹ ስለ ፊደል ሳይሆን ስለ ወንዙ ነገሩኝ። ባለፈው ዓመት ኦሞ ሞልቶ ዳርቻውን ስላላጠጣ ማሽላ አልዘሩም፤ ጎተራው ባዶ ነበር። እህል ይመጣላችኋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ ፎቶ አነሣሁ። ካሜራዬን ከነፊልሙ ወሰዱት፤ አልተመለሰልኝም።

ክፍሉ ቀድሞ የጥጥ መጋዘን ነበር ይባላል። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ እንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለችው ክፍተት ነው። ዝናብ ሲጥል ጎን ለጎን ተቀምጦም መነጋገር አይቻልም። ሰኔ ላይ ጂንካ ደግሞ ሁሌ ይዘንባል።

ሌሎች ሰዎች ይገቡ ይወጡ ነበር። ከገባሁ ጀምሮ አብረውኝ የነበሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ሸማኔ ነው፤ ከጋሞ ደጋ ሥራ ፍለጋ ወደ ጂንካ የወረደ፣ ማኅበር ውስጥ አልገባም በማለቱ የታሰረ። ሌላው ከከተማው በላይ ካለው ደጋ የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት አካባቢ የሚሆናቸው የአሪ ገበሬ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ በኋላ ጎረቤቶቻቸውን ቤታቸው ሰብስበው ሲዘምሩ ተገኙ።

በነጋታው ማለዳ፣ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ሸማኔው ሲናገር ሰማሁ።

«እሺ፣ ዛሬ ማን ምን ይዞ ነቃ?»

ልማዳቸው ነበር። ሰው ሲነቃ ራሱ ውስጥ የሚያገኘውን ዘፈን ለሌሎቹ ይናገራል። ሕልም መናገር አደገኛ ነው፤ ሕልም ፍቺ ያመጣል፣ ፍቺ ደግሞ ጠብቆ ለሚያዳምጥ ጆሮ ወሬ ይሆናል። ዘፈን ግን ማንም አልመረጠውም፤ ራሱ ነው የሚመጣው። ሸማኔው ሁልጊዜ የሚነቃው ከሻይ ቤት ሬዲዮ በሰማው የፍቅር ዘፈን ነበር፤ እሱንም ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው።

«አንተስ ጋዜጠኛው?»

እውነቱን ነገርኩት። ራሴ ውስጥ ያገኘሁት ከዜና በፊት የሚሰማው የሬዲዮ ሙዚቃ ነበር። ያልቃል፣ እንደገና ይጀምራል፤ ዜናው አይመጣም።

«ታዲያ ዛሬም ዜና የለም ማለት ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

ገበሬውን አልጠየቃቸውም። መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። እሳቸው ከመንቃታቸው በፊት አፋቸው ይነቃል። ዓይናቸው እንደተከደነ፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሆኖ፣ በአሪኛ ቀስ ብለው ይዘምራሉ። ሸማኔው ትከሻቸውን ነካ ያደርጋቸዋል። ይነቃሉ፣ ያፍራሉ፣ ዝም ይላሉ።

«ምን ላድርግ?» አሉኝ አንድ ጠዋት። «እኔ ተኝቼ እሱ ይነሣል።»

ምን እንደሚል ጠየቅኋቸው።

«ነግቷል ይላል። እኔ ሳልነሣ አንተ ተነሥተህ ትጠብቀኛለህ ይላል። ከዚያ የኢየሱስን ስም ይጠራል።»

ይህን እየነገሩኝ ሳለ ሜዳው አጠገብ ካለው ምሰሶ የድምፅ ማጉያው ጀመረ። በየማለዳው የአውራጃው ኪነት ቡድን ዘፈን ይለቀቃል። አንዲት ልጅ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። «ጎህ ቀዷል ገበሬ ተነሣ፤ ቀንበሩ ተሰብሯል፣ ማሳው የአንተ ነው።» በየቀኑ ስሰማው ነበር። ዜማው አሁን ገበሬው ሲዘምሩት የነበረው ራሱ መሆኑን ያን ቀን ነው ያስተዋልሁት። ፊታቸውን አየሁ። እሳቸውም መስማቴን አዩ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የምታወጣዋ ልጄ ናት።»

ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ጸሎት ቤቱ ሲዘጋ ከመዘምራኑ ድምፃቸው ያማረ ልጆችን ወስደው ኪነት ውስጥ አስገቧቸው። ዘፈን አምጡ ሲባሉ የሚያውቁትን አመጡ። ቃሉን የውይይት ክበቡ ጻፈላቸው። ዜማው ግን ከመዝሙሩም በፊት ነበር፤ መሬት ሲገለብጡ በደቦ የሚዜም ነው። ጂንካ ውስጥ ብዙ ሰው ዜማው የመዝሙር መሆኑን ያውቃል። የተናገረ የለም። የአውራጃው ካድሬ ከሌላ ክፍለ ሀገር በቅርብ የመጣ ነው።

«ቢያውቅስ?»

«እኔማ ታስሬያለሁ» አሉ። «እሷን ነው የሚይዙት።»

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ካድሬው ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ ሽታው እየከበደው ይመስለኛል፣ ተናገረ።

«አብዮቱ ሰው ማሰር ደስ ብሎት አይደለም። ቅዳሜ ስብሰባ አለ። እዚያ ወጥቶ የኪነቱን መዝሙር ብቻውን፣ በሙሉ ልቡ የዘመረ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያልዘመረ አርባ ምንጭ ይወርዳል። አንተ!» ወደ ገበሬው ጠቆመ። «መዘመር ትወዳለህ አይደል? ከአንተ ነው የምንጀምረው።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ጓድ በል።»

«እሺ ጌታዬ ጓድ።»

ከኋላው ያሉት ፖሊሶች ሳቁ። ካድሬው አልሳቀም።

አርባ ምንጭ የወረደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ሥራ ጀመርን። ቃሉን ማስተማር የእኔ ድርሻ ሆነ። ገበሬው አማርኛ ይናገራሉ፤ የመጽሐፍ አማርኛ ግን ምላሳቸው ላይ አይቀመጥም። ቃሉን ያለ ዜማ ሲሉት ያለ ስሕተት ይሉታል። ዜማው ሲገባ ግን የመጀመሪያው መስመር በአማርኛ ይሄድና ሁለተኛው ላይ አፋቸው ወደ አሪኛው ይታጠፋል። ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ስም ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ካድሬውም ይሰማዋል።

«ዜማውን ይቀይሩት» አልኩ።

«እንዴት? የኪነቱ ዜማ እኮ ነው።»

ሸማኔው ጣልቃ ገባ። «አይዞን፣ ድሩ ያው ነው። ማጉን ብቻ ነው የምንቀይረው። ጋሼ፣ ጠዋት ያ ነገር ሳይመጣብዎት እኛ እንቀድመዋለን።»

ዘዴው የእሱ ነው። ሊነጋ ሲል ሁለታችን ከግራና ከቀኝ እንቀመጣለን። የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ ስናይ እኔ በጆሯቸው «ጎህ ቀዷል ገበሬ ተነሣ» እላለሁ፤ ሸማኔው ቀጣዩን ይላል። የመጀመሪያውን ቀን አልሠራም። በማግስቱም አልሠራም፤ ሸማኔው ራሱ የፍቅር ዘፈኑን ትቶ በኪነቱ ዘፈን መንቃት ጀመረ እንጂ።

«ይኸው!» አለ ራሱን ይዞ። «እኔን አበላሹኝ። እኔ እኮ ሚስት አላገባሁም፤ ያቺ ዘፈን ነበረች ያለችኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ገበሬው ዓይናቸውን ሳይገልጡ የኪነቱን ቃል ከዳር እስከ ዳር ዘመሩት። አንድም አልሳቱም። ሸማኔው እጁን ሊያጨበጭብ አንሥቶ ዘበኛውን አስቦ መለሰው። ገበሬው ተነሥተው ተቀመጡ። የተጠቀለለ ጋቢያቸውን ፈቱት፣ መልሰው ጠቀለሉት።

«ገባ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«አዎ» አሉ። «ያኛውን ፈለግሁት። የለም።»

ያን ቀን ከቤታቸው የመጣላቸውን ጎደሬ አልበሉም። ሸማኔውም ቀልድ አልመጣለትም። ዘበኛው ሣህኑን ሊወስድ ሲመጣ «ሰውዬው አመመው እንዴ?» አለ። አላመመውም አልነው። ቀኑን ሙሉ ዘነበ።

ዓርብ ጠዋት አሪኛው ተመልሶ መጣ። እኛ ቃሉን በጆሯቸው እያልን ሳለ በላዩ ላይ ዘመሩት። ሲነቁ ሁለታችንን አዩንና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ። ቅዳሜ ነገ ነበር።

ስብሰባው ሜዳው ላይ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ረጥቧል። ከየቀበሌው የመጣው ሕዝብ ቆሟል። እኛ እስረኞቹ በአንድ በኩል፣ ኪነት ቡድኑ በካኪ ልብስ በሌላ በኩል። ልጅቷን ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀጭን ናት፤ አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት ዓመት ይሆናታል። ወደ አባቷ አልተመለከተችም።

ገበሬውን ወደ መሐል አወጧቸው። ማይክ ሰጧቸው። መጀመሪያ ሰሚው የራቀ መስሏቸው ጮኹበት፤ ድምፃቸው ከምሰሶው ሲመለስ ደነገጡ፣ ሰው ሳቀ። ከዚያ ጀመሩ። «ጎህ ቀዷል ገበሬ ተነሣ።» ድምፃቸው ጥሩ ነበር። እዚያ ላይ ቆሙ። አገጫቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አፋቸው ውስጥ ያለውን እኔም ሸማኔውም እናውቀዋለን።

«ቀጥል» አለ ካድሬው።

«ረሳሁት ጓድ።»

«ትረሳለህ? በየቀኑ እየሰማኸው?» ካድሬው ወደ ኪነት ቡድኑ ዞረ፤ በደግነት ያደረገው ይመስለኛል። «አንቺ፣ አውጪዋ፣ ነይ። አስጀምሪው። አብራችሁ ዘምሩት።»

ልጅቷ መጣች። አባቷ አጠገብ ቆመች፤ በመካከላቸው ማይኩ ብቻ ነው። ማን እንደሆነች ካድሬው አያውቅም። ከሕዝቡ ውስጥ የሚያውቅ ብዙ ነበር።

የመጀመሪያውን መስመር አወጣች። አባቷ አልተቀበሏትም፤ ያዩዋታል። ያን ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። ሁለተኛውን መስመር ልትጀምር አፏን ከፈተች። ከማጉያው አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ገና ቃል አልሆነም። የአማርኛው ይሁን የአሪኛው መጀመሪያ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ገበሬው ማይኩን በእጃቸው መዳፍ ሸፈኑት።

«አልዘምርም» አሉ። ያለ ማይክም ሁላችንም ሰማን።

«ምን አልክ?»

«አልዘምርም ጓድ። ልጅቷን መልሷት።»

ካድሬው ተቆጣ ለማለት አልችልም። የደከመው ነው የሚመስለው። በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ፖሊሶቹ ገበሬውን ወደ እኛ መለሷቸው፣ ልጅቷ ወደ ቡድኗ ሄደች። ከዚያ ቡድኑ በሙሉ ዘመረ። እሷ አወጣች። ቃሏ ሁሉ አማርኛ ነበር።

ሸማኔውም ወጥቶ ዘመረ፤ ድምፁ እንደ ፍየል ነው፤ ተለቀቀ። ሲሄድ ዞር ብሎ አላየንም። እኔን ማንም ዘምር አላለኝም።

ሰኞ ማለዳ ገበሬውን ሊወስዱ መጡ። ተኝተው ነበር፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ። ልቀሰቅሳቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ተው፣ ይጨርስ» አለ ዘበኛው።

እስኪጨርሱ ሁለታችንም ቆምን። ሲነቁ ጋቢያቸውን ለበሱ፣ የተኙበትን ሣር በእጃቸው ሰብስበው ጥግ አስያዙት፣ ወለሉን ጠረጉት። ሰላም ሁን ልጄ ብለውኝ ወጡ። የሚወስዳቸው የኤንትሬ ጭነት መኪና ሞተር ለመነሣት ጊዜ ወሰደበት።

እኔን ክረምቱ ሳያልቅ ለቀቁኝ። እንደታሰርኩበት ሁሉ ምክንያት አልተነገረኝም። በዚያው ሣር ላይ ቆሜ በአውሮፕላን ተመለስኩ። ስለዚያ ጉዞ አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ የሚያትመው አልነበረም። ኦሞራቴ እህል መድረሱንም አላወቅሁም።

አሁን ሸምግያለሁ። ጠዋት ስነቃ ሌላ ሌላ ዘፈን ይመጣል፤ የማስታወቂያም፣ የልጅ ልጆቼም። አንዳንድ ጊዜ ያ ዜማ ይመጣል። አሪኛውን አላውቀውም፣ የአማርኛውን ቃል አልፈልገውም። ስለዚህ ቃል ሳይኖረው ይዞራል። ላስቆመው ሞክሬ አላውቅም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የጋዜጠኝነት ሥራዬ እንዳስተማረኝ አድርጌ ስለ ገበሬው ጠየቅሁ። አርባ ምንጭ ታስረው ከነበሩት አንዱ አየኋቸው አለኝ፤ መልካቸውን ግን በትክክል አልነገረኝም። ሌላው አላየሁም አለ። ጂንካ ተመልሼ ልጅቷን ፈለግሁ፤ አግብታ ወደ ሌላ ወረዳ ሄዳለች ተባልኩ፤ አላገኘኋትም። የመኪናውን ሾፌርና አጅቦ የሄደውን ፖሊስ ግን ለየብቻ አግኝቻቸዋለሁ፤ የሁለቱ ቃል አንድ ነው። መኪናው የወይጦን ወንዝ ከቀትር በፊት ተሻገረ፣ ኮንሶ አደረ፤ በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ አርባ ምንጭ ወህኒ ቤት በር ላይ ቆመ። ገበሬው እጃቸው ሳይታሰር፣ በራሳቸው እግር ወርደው ገቡ።