በጸሎት የተያዘ ጉዳይ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ አጠገቡ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር እሸጣለሁ። ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሜትሮ» ይለዋል። በጉባኤያችን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምረንም እሱ ነው።

ሲመክር አይለሳለስም። የተኳረፉ ባልና ሚስት ወይም የተቀያየሙ ባልንጀሮች ሱቁ ከመጡ፣ ስፌቱን አቁሞ «ተጽፏል እኮ! ሂድና ታረቅ ነው የሚለው። ምን ትጠብቃለህ፣ መልአክ?» ይላል። እየሳቁ ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹም ታርቀው ይመለሳሉ። ቃሉ ያለውን ያደረገ ሰው ሲያፍር አላየሁም። ጋሽ ሜትሮ ራሱ ግን ከታላቅ እህቱ ጋር ከተዘጋጋ ዓመታት አልፈውታል።

እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ መርፌ አያያዝም ያስተማረችው እሷው። በልጁ ሰርግ ቀን፣ እሱ የሰፋውን የሙሽራ ቀሚስ አየት አደረገችና በእንግዳ ፊት «ግራ ትከሻው ወርዷል፤ ምነው ቸኮልክ?» አለችው። ወርዶ ነበር፤ እኔም አይቻለሁ። ምን ያደርጋል፣ እውነት ሰው ፊት ሲነገር ይመርራል። «ሁለተኛ ቤቴ እንዳትደርሺ!» አላት። ቦርሳዋን አንስታ፣ ምሳ እንኳ ሳትቀምስ ወጣች።

ከስንት ጊዜ በኋላ የእህቱ ልጅ ሱቅ ድረስ መጣች።

«አጎቴ፣ እማዬ መርሳት ጀምራለች። ያንተን ስም ግን ሁሌ ታነሳለች። እባክህ ና።»

«በጸሎት ይዤዋለሁ ልጄ» አላት። «ጌታ ማረጋገጫ ይስጠኝ፤ ያኔ እመጣለሁ።»

እኛ አማኞች ይህችን አነጋገር እንወዳታለን። ማድረግ ያልፈለግነውን ሁሉ በጸሎት ይዘነዋል። ጸሎትን ደግሞ ማን ደፍሮ ይቃወማል? ልጅቷም አንገቷን ደፍታ ሄደች። እኔ ግን አላስችል አለኝ።

«ለመሆኑ ማረጋገጫው ምንድን ነው?»

«ቀድማ ከደወለች ፈቃዱ ነው ማለት ነው።»

«የምትረሳ ሴት ስልክ ቁጥርህን ከየት ታመጣለች? ይሄ የጌታ ማረጋገጫ ነው ወይስ ያንተ ኩርፊያ?»

ሳቅ ብሎ የስፌት መኪናውን ፔዳል ረገጠ። ለሌላው እንደ ቀን ብርሃን የሚታየው ቃል፣ እሱ ጋ ሲደርስ ማብራሪያ አስፈለገው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ስልኩም ሳይጮኽ ክረምቱ አለፈ፤ በጋውም አለፈ። አንድ እሑድ ስለ ዕርቅ አስተምሮ ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ለሰው ሲሆን ተጽፏል፤ ላንተ ሲሆን ገና ሊገለጥ ነው?» አለችው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ «ነይ አብረን እንሂድ፤ ብቻዬን እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አለኝ።

ስንደርስ እህቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች፤ አጥፋ ትፈታዋለች፤ ደግሞ ታጥፈዋለች። ጋሽ ሜትሮ ፊቷ ተንበረከከ።

«እትዬ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ደንግጣ ክንዱን ያዘችው። «ኧረ ይነሱ ጌታዬ! ምን በደሉኝ? እኔ እርስዎን የት አውቅዎታለሁ?»

«እማዬ፣ ወንድምሽ እኮ ነው» አለቻት ልጇ።

ፊቱን ትክ ብላ አየችና ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ እኚህ ሽማግሌ ናቸው። የኔ ወንድም ልጅ እግር ነው።»

ዕድሜውን ሙሉ «አንተ» ስትለው የኖረች እህቱ አንቱ አለችው። ይቅርታ ሊጠይቃት የመጣላት ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጣም እዚያ አልነበረችም። ጋሽ ሜትሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሷም አሳዘናት መሰል፣ ያጠፈችውን ፎጣ አቀበለችው።

«አያልቅሱ። የተጣሉት ሰው ካለ ዛሬውኑ ሄደው ይታረቁ፤ እግዚአብሔርም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም ከወንድሜ ጋር ትንሽ ተኮራርፈናል። ብዙ ግን አልሰጋም» አለችው። «ቃሉን የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ሳይመጣ አይቀርም።»